የኮይ ጫጩት በአረንጓዴ ውሃ ያድጋል

በጓሮው ኩሬ ኮይ የሚያረባ ሰው ከሁሉ በላይ የሚኮራው በውሃው ጥራት ነው። ወለሉ ድረስ ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ ሽታ የሌለው፣ ፓምፕ ሌት ተቀን የሚያጣራው ውሃ። ለትልልቆቹ ዓሦች ይህ የሚገባ ነው። ትናንት ከእንቁላል ለወጣና ርዝመቱ ከ6 ሚሊሜትር ለማያልፍ ጫጩት ግን እንዲህ ያለው ኩሬ የሚበላ ነገር የሌለበት ቦታ ነው። ብዙ ጀማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ ጫጩቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲያልቁባቸው በሽታ ገባ ብለው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጫጩቶቹን የፈጃቸው ረሃብ ነው።

ኮይ በቀለሙ እየተመረጠ የተራባ ካርፕ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው የሚያወጡት ካርፕ የቅርብ ዘመዱ ነው። በጃፓን ኒጋታ ግዛት፣ ያማኮሺና ኦጂያ በሚባሉት ተራራማ አካባቢዎች፣ ገበሬዎች ለእርከን የሩዝ ማሳቸው ውሃ የሚያጠራቅሙባቸው ኩሬዎች ነበሯቸው። በረዶ መንገድ በሚዘጋባቸው ረጅም የክረምት ወራት የሚበሉትን ካርፕ የሚያሳድጉት በነዚህ ኩሬዎች ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጥቁር ግራጫዎቹ መካከል አልፎ አልፎ ቀይና ነጭ ያለባቸው ዓሦች ብቅ ሲሉ፣ ገበሬዎቹ እነዚያን ከምግብነት አስቀርተው እርስ በርስ ማዳቀል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 በቶኪዮ በተካሄደ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርቡ ነው የቀረው ጃፓን በስፋት ያወቃቸው። ዛሬም የኒጋታ አርቢዎች ጫጩቶቻቸውን በበጋ የሚያሳድጉት በሲሚንቶ ገንዳ ሳይሆን በጭቃ ኩሬ ነው። ይህ የአባቶችን ልማድ መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱ የጫጩቱ አፈጣጠር ውስጥ አለ።

ነገሩ የሚጀምረው የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው። ንጋት ላይ ወንዶቹ ሴቷን ተከትለው እየገፉ ወደ ተክል ሥር ያስጠጓታል፤ እሷ ስትጥል እነሱ በላዩ ላይ ዘራቸውን ይረጫሉ። አንዲት ሴት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ወደ 100,000 የሚጠጋ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ውሃ እንደነካው ተጣባቂ ስለሚሆን ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። በብዙ አገር አርቢዎች ለዚህ የእምቦጭን ሥር ይጠቀማሉ። ጣና በእምቦጭ ምን እንደደረሰበት የምናውቅ ሰዎች ግን ያንን ተክል በጓሯችን ማብቀል የለብንም፤ የናይሎን ክር ታስሮበት እንደ ብሩሽ የተሠራ ገመድ ያንኑ ሥራ በሚገባ ይሠራል።

ወላጆቹ ጥለው ሲጨርሱ ዘወር ብለው የራሳቸውን እንቁላል ይለቅማሉ። ስለዚህ ብሩሹን ከነእንቁላሉ ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ያስፈልጋል፤ የዋናው ኩሬ ውሃም ከተረጨው ዘርና ፈሳሽ ብዛት አረፋ ስለሚያወጣ በከፊል መቀየር አለበት። በማግስቱ ያልዳበሩት እንቁላሎች ነጭ ይሆናሉ፣ ሻጋታም ያበቅላሉ፤ ሻጋታው ወደ ጤነኞቹ እንዳይዛመት አየር በሚነፋ ቱቦ ውሃውን ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ ይረዳል። በ20 ዲግሪ አራት ቀን ገደማ፣ ሞቅ ባለ ውሃ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይፈለፈላሉ።

የተፈለፈለው ጫጩት መጀመሪያ አይዋኝም። ራሱ ላይ ባለው ተጣባቂ ዕጢ ከገንዳው ግድግዳ ወይም ከብሩሹ ላይ ተለጥፎ ሁለት ሦስት ቀን ይንጠለጠላል። አፉ ገና አልተከፈተም፤ የሚኖረው ሆዱ ሥር ይዞት በወጣው አስኳል ነው። በዚህ ጊዜ ምግብ የሚጨምር ሰው ውሃውን ከማበላሸት በቀር የሚያተርፈው የለም። አስኳሉ ሊያልቅ ሲል ጫጩቱ በሕይወቱ ትልቁን ጉዞ ያደርጋል፦ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አየር ይውጣል። ያ አየር በቀጭን ቱቦ ወደ ሆዱ የአየር ከረጢት ገብቶ በውሃው መካከል ሚዛኑን ጠብቆ እንዲንሳፈፍ ያስችለዋል። በውሃው ገጽ ላይ የዘይት ስስ ሽፋን ካለ፣ ወይም ፏፏቴው ገጹን በኃይል የሚበጠብጠው ከሆነ፣ ብዙዎቹ አየሩን ሳያገኙ ይቀራሉ፤ ወለሉ ላይ እየተንፏቀቁም ይሞታሉ። እንግዲህ የሦስተኛው ቀን ሥራ ገጹን ማጽዳትና ጸጥ ማድረግ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት አሥር ቀናት ሁሉን ይወስናሉ። ካርፕ ጨጓራ የሌለው ዓሣ ነው፤ የበላው በቀጥታ ወደ አንጀት ስለሚገባ ምግብ አከማችቶ መቆየት አይችልም። የጫጩቱ አንጀት ደግሞ አጭርና ገና ያልበሰለ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያለ ቀኑን ሙሉ መብላት አለበት፤ ምግቡ ከአፉ ያነሰ፣ የሚንቀሳቀስና በቀላሉ የሚፈጭ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሟላው በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት የሞሉበት ውሃ ነው።

አርቢዎቹ ይህን ውሃ እንደ ማሳ ያዘጋጁታል። ኩሬው ደርቆ ፀሐይ ከመታው በኋላ የዶሮ ኩስ ወይም ሌላ ፍግ ይበተንበትና ውሃ ይሞላል። መጀመሪያ ባክቴሪያና አልጌ ይበረክታሉ፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ቀጥለው እነዚህን የሚበሉ ሮቲፈር የሚባሉ ደቃቃ እንስሳት ይፈላሉ። የጫጩቱ የመጀመሪያ አፍ የሚችለው እነሱን ነው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከነሱ የሚተልቀው ዳፍኒያ ተራውን ይረከባል፤ ያን ጊዜ ጫጩቱም አድጎ ይጠብቀዋል። ጥበቡ ያለው በቀን ቆጠራው ላይ ነው። ጫጩቱ ቀድሞ ከገባ ምግብ የለም፤ ዘግይቶ ከገባ ዳፍኒያው አይዋጥለትም፣ ሳይክሎፕስ የሚባለው ሌላው ደቃቅ እንስሳ ደግሞ ጫጩቱን ራሱን ያቆስለዋል። የጓሮ አርቢ ይህን በትንሹ ሊሠራው ይችላል፤ ዓሦቹ ከመጣላቸው በፊት ፀሐይ በሚያገኝ በርሜል ውስጥ አረንጓዴ ውሃ ማፍላት ይበቃዋል። አርቴሚያ የሚባለውን የጨው ውሃ እንስሳ እንቁላል ገዝቶ መፈልፈልም ይቻላል። የተቀቀለ የዶሮ እንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልሎ መስጠት የተለመደ መላ ነው፤ ያልተበላው ግን በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳልና እኔ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ብቻ የምመክረው ነው።

አረንጓዴ ውሃ የራሱ አደጋ አለው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ጥፋት ይሆናል። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ኦክስጅን ይወስዳል፤ ስለዚህ ጫጩቶች በብዛት የሚሞቱት ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚጨርሰው የውሃው ፒኤች ከፍ ይላል፤ በ25 ዲግሪ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሚሆነው አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፣ ፒኤች 9 ሲደርስ ግን ሲሶው መርዝ ነው። መፍትሔው ቀላል የአየር ፓምፕ፣ ምግብ አለማብዛትና ጥቂት ጥቂት ውሃ መቀየር ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ አስቀድሞ መወገድ አለበት። በደጋ ለሚኖር ሰው አየር መንፋት የግድ ነው፦ በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያው ውሃ የሚይዘው 7 ያህል ነው።

ጠላት ብዙ ነው። ከሁሉ የከፋው በኩሬ ዳር የሚበረው የውሃ ተርብ ልጅ ነው፤ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ውሃ ውስጥ አድብቶ ጫጩት ያድናል። ጥቅጥቅ ያለ መረብ ገንዳውን ካልሸፈነው መከላከያ የለም። የፓምፑ መምጠጫ በስፖንጅ ካልተሸፈነም ጫጩቶቹን ይውጣቸዋል። ከዚያ ሁሉ የተረፉት ደግሞ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ፤ ጥቂቶች ከወንድሞቻቸው ቀድመው ያድጉና ታናናሾቹን ይውጣሉ። ጃፓኖች ቶቢ ይሏቸዋል፣ በየጊዜው በወንፊት እያወጡም ይለዩአቸዋል።

ከዚያ ምርጫው ይመጣል። ሁለት የሚያማምሩ ኮዮች ቢዳቀሉ ልጆቻቸው ያማሩ ይሆናሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። አብዛኞቹ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ያለ ቅርጽ የተበከሉ ሆነው ይወጣሉ። ካርፕ 100 ክሮሞዞም አለው፤ በጥንት ዘመን የቅድመ አያቱ ዘረመል ተባዝቶ ስለነበር ብዙዎቹ ዘረመሎቹ በድርብ ነው ያሉት። ቀለምን የሚወስኑት ብዙ ዘረመሎች ስለሆኑና አሰላለፋቸውም በየእንቁላሉ ስለሚለያይ፣ ሁለት መቶ ዓመት የተጠጋ ማዳቀል እንኳ የወላጅን መልክ በልጅ ላይ የሚያጸና ዘር አላስገኘም። ስለዚህ አርቢው ከመቶ ጥቂቶችን ብቻ ያስቀራል። ሸዋ በሚባለው ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ዝርያ ምርጫው የሚጀመረው በተፈለፈሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ ጠቆር ያሉት ይቀራሉ፣ ፈዛዞቹ ይወገዳሉ። ነጭ ላይ ቀይ ያለበት ኮሃኩ ግን ቀለሙ እስኪለይ ሳምንታት ይጠይቃል።

ይህን ሥራ የማይወድ ሰው ብዙ አለ፣ ስሜቱን እረዳለሁ። ሁሉንም ማቆየት ግን ርኅራኄ አይደለም፤ በተጨናነቀ ገንዳ ውስጥ ሁሉም ይቀጭጫሉ፣ ይታመማሉም። የሚሻለው ከመጀመሪያው ከብሩሹ ላይ ጥቂት መቶ እንቁላል ብቻ ወስዶ ማስፈልፈል ነው። የተረፈውን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መጣል ፈጽሞ አይገባም። ካርፕ ወለሉን እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ ተክሎችን ይነቅላል፣ ከጓሮ ይዞት የወጣውን በሽታ ለአገሬው ዓሦች ያወርሳል።

በመጀመሪያው ዓመት ተመርጠው የቀሩትም ቢሆኑ ገና አልተጠናቀቁም። ኒጋታ ውስጥ በጥቅምት ኩሬዎቹ ተንጠፍጥፈው ዓሦቹ ከበረዶው በፊት ጣሪያ ወዳለው ገንዳ ሲገቡ አርቢዎቹ እንደገና አንድ በአንድ ያዩአቸዋል። ቀይ ቀለም ከዕድሜ ጋር ሊደበዝዝ፣ ከቆዳው ሥር የተደበቀው ጥቁር ደግሞ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው አርቢ አካሉ የጠነከረውን ዓሣ፣ ቀለሙ ገና ባይለይለትም እንኳ፣ ለሚቀጥለው በጋ ያቆየዋል።