ለፋሲካ ምን ፊልም እንይ?

በፋሲካ ሰሞን የጎጃሞቹ ከተሞች ቢቸናና ሞጣ ይሞላሉ። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ልጆች ይመጣሉ፤ ከገጠር ዘመድ ይገባል፤ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ገበታው ተነሥቶ ቡናው ሲፈላ ከወጣቶቹ አንዱ «ፊልም እንይ» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚከፈተው ስልክ ወይም ፍላሽ ላይ የተገኘው ነው፤ ገና ከመጀመሩም አያት ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ሕፃናቱ ወደ ውጭ ይሮጣሉ። በዓመት አንዴ የተሰበሰበ ቤተሰብ የሚያየው ፊልም እንደ በዓሉ በግ አስቀድሞ ሊመረጥ ይገባዋል።

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ቅዳሜ ቀዳም ሥዑር፤ በእነዚህ ቀናት ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቤት ያለውም ይጾማል። እሑድ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ከተፈሰከ በኋላ እንቅልፍ ይጥለዋል። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተባለ አጭርና ቀላል ፊልም ይሁን፤ ረጅሙና ከባዱ ለሰኞ ወይም ለዳግም ትንሣኤ ይቆይ።

ቀጥሎ ቦታው ነው። በአዲስ አበባ አምባሳደር ወይም ዓለም ሲኒማ ገብቶ ፊልም መምረጥ ቀላል ነው፤ ፖስተሩ በር ላይ ተለጥፏል፣ ሰዓቱ ተጽፏል። በትንንሽ ከተሞች ግን ፊልም ለተመልካች የሚደርሰው በአብዛኛው በቪዲዮ ቤት፣ አልፎ አልፎ በከተማ አዳራሽ፣ አሁን አሁን ደግሞ በሳተላይት ቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ነው። አዲስ የአማርኛ ፊልም መጀመሪያ የሚመረቀው አዲስ አበባ ስለሆነ ወደ እኛ ሲመጣ ቆይቶ ነው። ይህ መቆየት ለመራጭ ይጠቅማል። እዚያ ያለ ዘመድ አይቶታልና ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። «ጥሩ ነው ወይ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ ግን ብዙም አይረዳም። «ከእናትህ ጋር ቁጭ ብለህ ታየዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ወዲያው ይለያል።

ብዙ ሰው ፊልም የሚመርጠው በተዋናዩ ፊት ነው። ይህ ብዙ ያሳስታል፤ አንድ ታዋቂ ተዋናይ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥሩም ደካማም ፊልም ሊሠራ ይችላል። የተሻለው ምልክት የዳይሬክተሩና የጸሐፊው ስም ነው። ሰውየው ከዚህ በፊት ምን ሠራ? ታሪኩስ የት ተጀምሮ የት ይደርሳል? ፖስተሩ ላይ ፊታቸው ከተደረደረው ተዋንያን በታች በትንሹ የተጻፈውን ስም ፈልጉ።

እኔ ብጠየቅ ለእሑድ ከሰዓት የምመርጠው የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ነው። ፊልሙ በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ሪጋርድ» በተባለው ክፍል ታይቷል፤ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበትን ኤፍሬም የተባለ ልጅ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ለሥራ ይሄዳል። ልጁ ከበጉ ከቹኒ በቀር የቅርብ ወዳጅ የለውም። አጎቱ ደግሞ ቹኒ ለመጪው በዓል ትታረዳለች ይላል። ኤፍሬም የሚወደው ሥራ ምግብ ማብሰል ነው፤ ሳምቡሳ እየሠራ ገንዘብ ለማጠራቀም ይሞክራል፤ በዘመዶቹ ዓይን ግን ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ያደርጋል? ከአንድ ሰዓት ተኩል እምብዛም የማይበልጥ ፊልም ነው። በግ የታረደበት ቤት ውስጥ ሕፃናት ጥያቄ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ይጠይቁ፣ ፊልሙ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ለአዛውንቶች ደግሞ የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» የሚያህል አላውቅም። በድሮው የዳኝነት ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ፊልሙ የቆመው በዚህ ልማድ ላይ ነው። የቅኔ ተማሪና ባላባት በአንዲት ሴት ምክንያት ተጣልተው፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው እየተቀመጠ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየተነሣ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ለዚህ አገር ሰው ታሪኩ የራሱ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ድሃ የቤተ ክህነት ተማሪና የባላባት ልጅ የተዋደዱት እዚያ ነው። ቅኔ ቤት ያደሩ አባት ካሉ ፊልሙን እያቋረጡም ቢሆን ይናገሩ፤ ያን ዕለት የሚነገረው በሌላ ቀን ላይነገር ይችላል።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የሰኞ ፊልም ነው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በ2001 ዓ.ም. ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ጀርመን የተማረው አንበርብር በጣና አካባቢ ወዳለው የእናቱ መንደር ይመለሳል፤ መንደሩ ውስጥ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ይደበቃሉ። አፈሳን ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። ደምና ግድያ ስላለበት ሕፃናት ሌላ ክፍል ይሁኑ።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ይጠልፏታል፤ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ፍርድ ቤት ትቆማለች። ታሪኩ ከእውነተኛ የ1980ዎቹ መጨረሻ ክስ የተነሣ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ልጅቱን በሕግ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ ይህን ያስቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ጠለፋ በጎጃም ባዕድ ወሬ አይደለምና ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያሉ ሴቶችም ወንዶችም ልጆች ከወላጅ ጋር ሆነው ቢያዩት እመክራለሁ፤ ወንዶቹ በተለይ። ትንንሾቹ ግን አይዩት። የአማርኛ ፊልም ፖስተር ላይ የዕድሜ ገደብ ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ ይህን የሚወስነው ወላጅ ራሱ ነው።

የቱርክና የሕንድ ትርጉም ፊልም የሚወዱም አሉ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ ሰፍቷል፤ የሚነቀፍ አይደለም። ለበዓል ግን የራሳችን ይቅደም እላለሁ፤ አያት የሚያውቁት ቤትና ማሳ፣ የሚያውቁት ሙግት ያለበት ፊልም ሲሆን ከልጅ ልጆቻቸው እኩል ያወራሉ።

ቪዲዮ ቤት ከሆነ የምትሄዱት፣ ባለቤቱን ከበዓሉ በፊት አነጋግሩት። ፊልሙን በፈቃድ አግኝቶት እንደሆነ ጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሰው ፊልም ለሕዝብ አሳይቶ ገንዘብ ለመቀበል የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የተሰረቀ ቅጂ በበዛ ቁጥር ቀጣዩን ፊልም የሚሠራው ሰው ይከስራል። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለው? ድምፁስ? ስፒከሩ የሚጮኽ ከሆነ ንግግሩ አይሰማም፤ የአማርኛ ፊልም ደግሞ ግማሹ ንግግር ነው፤ ቀድማችሁ አምስት ደቂቃ እንዲያሰማችሁ ጠይቁት። ባሕር ዳር ወርዶ አዳራሽ ውስጥ ማየት የሚያምረው የሞጣ ሰው መንገዱ ወደ 120 ኪሎ ሜትር መሆኑን አስቦ፣ የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች አጣርቶ፣ ፊልሙ በዓል ላይ መታየቱንም ደውሎ አረጋግጦ ይነሣ። አሥራ አምስትና ሃያ ሆናችሁ ለቤተሰብ ብቻ አንድ ትዕይንት እንዲያዝላችሁ ከጠየቃችሁም የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሰኞ ጠዋት፣ ኳስ ሳይጀመር፣ እሺ ማለቱ አይቀርም።