99 በመቶ ትክክል የሆነ ማሽን ስንት ጊዜ ይሳሳታል?

ኮምፒዩተር የደም ናሙና ፎቶግራፍ አይቶ ወባን «ከ95 በመቶ በላይ በትክክል» ይለያል የሚል ጥናት ማንበብ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ስከታተል በተደጋጋሚ የማገኘው አንድ የምስል ክምችት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ከታተመ ጥናታቸው ጋር ያቀረቡት ሲሆን፣ 27,558 የቀይ ደም ሴል ምስሎች አሉት። ደሙ የተወሰደው ባንግላዴሽ፣ ቺታጎንግ ውስጥ ከ150 የወባ ሕሙማንና ከ50 ጤነኞች ነው። ፎቶግራፉም የተነሣው ማይክሮስኮፕ ላይ በተገጠመ የእጅ ስልክ ነው።

ለመሆኑ ኮምፒዩተሩ ምን ያያል? ለእርሱ ፎቶግራፍ ማለት የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራው ሴሉን ከጀርባው መለየት ይሆናል። ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ በ1979 ያቀረበው ዘዴ ብሩሁን ከጨለማው የሚለየውን ወሰን ከምስሉ ከራሱ ያሰላል። ሴሎቹ ተራርቀው ከተቀመጡ ግሩም ነው፤ ከተነካኩ ግን ሦስቱን እንደ አንድ ይቆጥራል። በ2015 ከጀርመኑ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዩ-ኔት በአንጻሩ ወሰኑን ከምሳሌ ይማራል። ባለሙያ ድንበራቸውን የሠራባቸው 30 ምስሎች ብቻ ተሰጥተውት በአንድ የታወቀ ውድድር ቀድሞ የነበረውን ምርጥ ውጤት በልጧል። በእኔ ግምት በዘርፉ ትልቁ እርምጃ ይኸው ነው።

አሁን ወደ 99 በመቶው እንመለስ። ከላይ በጠቀስኩት ክምችት ውስጥ እያንዳንዱ ሴል ተቆርጦ ለብቻው ቀርቧል፤ ግማሾቹ የተያዙ፣ ግማሾቹ ንጹሕ ናቸው። በሰው ደም ውስጥ ግን እንዲህ ያለ እኩልነት የለም። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሴሎች አሉ እንበል። በሽተኛው በዚያው መጠን 1,000 ጥገኛ ተሕዋስያን ካሉበት፣ የተያዘው ከ5,000 ሴሎች አንዱ ነው ማለት ነው። ከመቶ አንዴ ብቻ የሚሳሳት ማሽን እነዚህን 5,000 ሴሎች ሲያይ 50 ያህል ንጹሕ ሴሎችን «ወባ» ይላል። እውነተኛው አንዱ በእነዚያ መካከል ተደብቋል። ፍጹም ጤነኛ ሰው ቢመረመርም ያው 50 ይመጣል! ቀይ ሴል ላይ ያረፈ ፕሌትሌት ወይም የቀለም ዝቃጭ ለዚህ ስሕተት በቂ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ምስሎቹ በዘፈቀደ ለትምህርትና ለፈተና ከተከፈሉ፣ የአንዱ ሕመምተኛ ሴሎች በሁለቱም ወገን ይገኛሉ። ያን ጊዜ ማሽኑ የተማረው ወባውን ይሁን የዚያን ስላይድ ቀለም መለየት ያስቸግራል። የ2018ቱ ጥናት አዘጋጆች በሕመምተኛ ለይተው ፈትነዋል፤ ክምችታቸውን ከተጠቀሙ ሌሎች መካከል ግን ይህን ያላደረጉ አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲደርሰኝ ከመቶኛው በፊት የምፈልገው ይህቺን መስመር ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጭ የፋልሲፓረም ዝርያ በአገራችን መገኘቱም በ2021 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። በመሆኑም ማይክሮስኮፑ ጡረታ አልወጣም። እኛ ጋ ከፋልሲፓረም ጎን ቫይቫክስም በብዛት አለ፤ የቺታጎንጉ ክምችት ደግሞ ፋልሲፓረም ብቻ ነው። በዚያ ላይ የላቦራቶሪ ባለሙያዎቻችን ጥቂት ተሕዋስያንን ለመፈለግ የሚመርጡት ወፍራሙን ናሙና፣ ቲክ ፊልም የሚሉትን ነው። እርሱ ሲዘጋጅ ቀይ ሴሎቹ ስለሚፈነዱ፣ ኮምፒዩተሩ ድንበር የሚያበጅለት ሴል አያገኝም።