ደመወዝ የሌለው ገዥ

  ዛሬ በአንድ አጭር ቃል እንጀምራለን። ቃሉ «ገዥ» ነው። ሁለት ፊደል ብቻ። ገ፣ ዥ።

ገዥ ሲባል ምን ይታያችኋል? ነጭ ለባሽ የሚከተለው፣ ግብር የሚያስከፍል፣ ሲቆጣ የሚያሳስር ሰው አይደለም ወይ? የዛሬው ገዥ ግን ሌላ ነው። ዘበኛ የለውም። ደመወዝም የለውም። ማንንም ማሰር አይችልም። ዘመኑም አንድ ዓመት ብቻ ነው። የላየንስ ክለቦች የአውራጃ ገዥ ይባላል።

ላየንስ ማለት አንበሶች ማለት ነው። በ1917 በአሜሪካ አገር፣ በቺካጎ ከተማ የተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምቆጥረው እንደ ፈረንጆች ነው።) መሥራቹ ሜልቪን ጆንስ የኢንሹራንስ ነጋዴ ነበር። ነጋዴዎች ተሰብስበው ስለ ንግዳቸው ብቻ ከሚያወሩ፣ ለከተማቸውም አንድ ነገር ቢሠሩ ይሻላል ብሎ ተነሣ። ሴቶች አባል እንዲሆኑ የተፈቀደላቸው ግን በ1987 ነው። ሰባ ዓመት ማስጠበቅ! እሱን እንለፈው።

ክለቡን እንደ እድር አስቡት። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ልዩነቱ፣ እድር የራሱን አባላት ይረዳል፤ ክለቡ ግን የሚሠራው አባል ላልሆነ ችግረኛም ጭምር ነው። ከሕዝብ የተለመነ ገንዘብ ለሕዝብ አገልግሎት ብቻ ይውላል፤ ለክለቡ የራሱ ወጪ አይነካም። ደንቡ እንዲህ ይላል። አንድ ክለብ ቢለምናችሁ ስለዚህ ደንብ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

እንግዲህ ሠላሳ አምስት እድሮች ተሰብስበው አንድ የጋራ መሪ መረጡ እንበል። በላየንስ ደንብ አንድ አውራጃ ሙሉ የሚባለው ቢያንስ 35 ክለቦችና 1,250 አባላት ሲኖሩት ነው። መሪውን የሚመርጡት የክለቦቹ ተወካዮች ናቸው። ሥራውን የማኅበሩ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲያበቃ ይጀምራል፤ የሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ሲያበቃ ለተተኪው ያስረክባል። በዚህ መካከል እየዞረ ክለቦቹን ይጎበኛል። የዓመቱንም ግብ ያወጣል።

ግብ ምንድን ነው? «አባላት ይብዙልን» ማለት ምኞት ነው። «እስከ ፋሲካ ሁለት አዲስ ክለብ እናቋቁማለን» ማለት ግን ግብ ነው፤ ይቆጠራል፣ ቀንም አለው። ገዥው ግን ማዘዝ አይችልም ብለናል። አባሉ «አልመጣም» ቢለው ምን ያደርገዋል? ምንም። ስለዚህ ሰዎቹ ግቡን የራሳቸው ካላደረጉት ወረቀት ላይ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የኦቾሎኒ ገበሬ ነበሩ። በ1966 የጆርጂያ አገረ ገዥ ለመሆን ተወዳድረው ተሸነፉ። ከዚያ በ1968 እና በ1969 በአካባቢያቸው የላየንስ የአውራጃ ገዥ ሆኑ። ያለ ደመወዝ ከክለብ ክለብ ይዞሩ ነበር። እኚህ ሰው በኋላ የጆርጂያ አገረ ገዥ፣ ከ1977 እስከ 1981 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚደንት የሆኑት ጂሚ ካርተር ናቸው።

የላየንስ ዋነኛ ግብ ዓይን ነው። በ1925 ማየትም መስማትም የተሳናቸው ሔለን ኬለር በስብሰባቸው ላይ ተገኝተው ዓይነ ስውራንን እንዲረዱ ጠይቀዋቸዋል። ልመናው ለአንድ ዓመት ገዥ ብቻ የቀረበ አልነበረም። ገዥዎቹ ሁሉ እየተቀባበሉት እስከ ዛሬ ዘልቋል።

በ1999 ላየንስ ካርተር ካቋቋሙት ማዕከል ጋር ሆኖ ትራኮማን ለመከላከል ሥራ ጀመረ። በተከታዮቹ ዓመታት ሥራው ወደ እኛ አገር፣ ወደ አማራ ክልል መጣ። ትራኮማን ብዙዎቻችሁ የዓይን ማዝ ትሉታላችሁ። ዝንብ ከአንዱ ሕፃን ዓይናር ላይ ተነሥታ ሌላው ዓይን ላይ ታርፋለች። እጅና ጨርቅም ያስተላልፉታል። በሽታው ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ሽፋን ከውስጥ ይጠባሳል፤ ፀጉሩም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል። ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ለበሽታው መድኃኒት አለ። የሚሰጠውም ሰውየውን በእንጨት እየለኩ፣ በቁመቱ ልክ ነው። ፊት መታጠብም አለ፤ አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል። ከሁሉ የከበደው ሽንት ቤት ማስቆፈር ነበር። ዝንቧ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነውና። የሰው ጓሮ ገብቶ «ቆፍር» የሚል ገዥ ከየት ይመጣል?

ጉዳዩን የያዙት ሴቶቹ ናቸው። በልማድ ሴት በቀን ሜዳ መውጣቷ ነውር ነበር። ሆዷን ይዛ እስኪጨልም ትጠብቃለች። ስለዚህ ሽንት ቤቱን የፈለጉት ስለ ዝንብ ብቻ ብለው አይደለም፤ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ባሎቻቸውን አስቆፈሩ፣ ራሳቸውም ቆፈሩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቺካጎ ላይ የታሰበው ግብ ግብ የሆነው እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው።

ሥራው ግን አላለቀም። ትራኮማ ከአማራ ክልል ገና አልጠፋም። ካርተርም በ2024 መጨረሻ በ100 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጎረቤታችሁ የዓይኗን ፀጉር በወረንጦ ስትነቅል ካያችኋት፣ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ንገሯት። የሚደነዝዘው ሽፋኑ ብቻ ነው፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና ፀጉሩ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም። ስለዚህ ዛሬውኑ ንገሯት።