ፍሬን እምቢ ሲልና ሜዳው ሲያልቅ

ፍሬን በጠሰ ሲባል ለሁላችንም ቶሎ የሚታየን በቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ መሪውን ወደ ዳገት ወይም ወደ አፈር ቁልል ያዞራል፤ የታደለው ይተርፋል። አውሮፕላን ግን ከመንደርደሪያው ሌላ መሄጃ የለውም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ደቡብ ባለችው በኪ ዌስት ደሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ የሆነው ነገር ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ኦክቶበር 31 ቀን 2011 ጋልፍስትሪም 150 የሚባል ትንሽ ዠት በዚያ ሲያርፍ አብራሪዎቹ ፍሬኑ አልይዝ እንዳላቸው ተናገሩ። አውሮፕላኑ መንደርደሪያውን ጨርሶ በምዕራቡ ጫፍ ወጣ፤ ተሰበረ፤ የተጎዳም ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 3፣ 5 ሰዎች የጫነ ሴስና ሳይቴሽን በዚያው መንደርደሪያ ከተቃራኒው አቅጣጫ አረፈ። የእርሱም ፍሬን እምቢ አለ፤ እርሱም ከጫፍ ወጣ። ሆኖም ማንም ሳይጎዳ ቆመ። በምሥራቁ ጫፍ ያለው መሬት እንደ ምዕራቡ አልነበረምና።

መሬቱ ምን እንደ ነበረ ከመናገራችን በፊት ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ፊዚክስ የሸሸ ጓደኛችን ቢዘለው አንቀየምም። 5,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዠት በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሬት ሲነካ የያዘው ጉልበት፣ 135 ሜትር ጥልቀት ባለው ገደል ወድቆ ከታች ሲደርስ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጡት በጎማዎቹ መካከል ያሉት ፍሬኖች ናቸው። የኪ ዌስት መንደርደሪያ በዚያን ጊዜ 1,463 ሜትር ገደማ ነበር። አብራሪው 300 ሜትር ገባ ብሎ ቢያርፍና ምንም ነገር ባይገታው፣ ከ23 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። ፍሬኑ ደኅና ሆኖ ሳያቋርጥ ቢይዝ እንኳ ፍጥነቱ በግማሽ የሚቀንሰው ለመቆም ከሚያስፈልገው ርቀት ሦስት አራተኛው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ «ቆይቶ ይይዝ ይሆናል» እያሉ መጠበቅ ሜዳውን መብላት ነው።

ደግሞም ፍሬን እምቢ አለ ማለት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። አብራሪው በእግሩ ጫፍ የፔዳሉን አናት ሲጫን ግፊቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከፈሰሰ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። አንዳንዴ ፍሬኑ ጤነኛ ሆኖ መንደርደሪያው በውሃ ተሸፍኖ ጎማው ይንሳፈፋል። ወይም ጎማው እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው መሣሪያ ግፊቱን ሲለቅ ለአብራሪው ፍሬኑ የሞተ ይመስለዋል። መጠባበቂያው ብዙ ነው፦ የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚመልስ ክዳን፣ በክንፍ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሰሌዳዎች፣ በታመቀ ጋዝ ወይም በተለየ ዘይት የሚሠራ የአደጋ ፍሬን። ነገር ግን ይህን ሁሉ አስታውሶ በተራ ለመጠቀም ያለው ጊዜ ያው ከላይ የቈጠርነው ሰከንድ ነው።

እንግዲህ ወደ ምሥራቁ ጫፍ እንመለስ። በዚያ የተነጠፈው በውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን በአየር ቀዳዳ የተሞላ ቀላል ሲሚንቶ ነው። የአውሮፕላን ጎማ ሲገባበት ይደቅቃል፤ ጎማው ይሰምጣል፤ ጉልበቱ ሲሚንቶውን በመፍጨት ያልቃል። ይህ ምንጣፍ በመጀመሪያ የተነጠፈው በ1996 በኒው ዮርክ በኬኔዲ አውሮፕላን ጣቢያ ሲሆን፣ በ1999 30 ሰዎች የጫነ አውሮፕላን በዚያ ይዞ አቁሟል። የአሜሪካ ደንብ ከመንደርደሪያ ጫፍ ወዲያ 305 ሜትር ያህል ባዶ መሬት ይጠይቃል፤ ባሕር ወይም መንገድ ያጠበበው ጣቢያ ግን ያን ከየት ያመጣል? ምንጣፉ የተፈለሰፈው ለእንዲህ ያለው ቦታ ነው፤ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ የሚገባውን እንዲያቆም ይሠራል። አስቸጋሪው ነገር መጠኑ ነው። ለከባድ አውሮፕላን የተበጀ ሲሚንቶ ለቀላል ዠት ጠንካራ ሆኖ ላይደቅለት ይችላል፤ በጣም ከለሰለሰ ደግሞ የከባዱን የፊት እግር ይሰብራል። የደቀቀውም ክፍል ሁለተኛ አያገለግልም፤ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል።

የእኛ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ያው ዠት እዚህ የሚያርፈው ከባሕር ዳርቻ ይልቅ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው፤ ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበትም በሩብ ያህል ይበልጣል። መንደርደሪያችን ከኪ ዌስቱ ከእጥፍ በላይ የረዘመው ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።