ያውቁ ኖሯል? ጎረምሳው ለምን ቱግ ይላል!

የ6 ዓመት ልጅ አንጎል በመጠኑ የአዋቂውን 90 በመቶ እንደሚያህል ያውቁ ኖሯል? ቡሬ ገበያ የእናቱን ቀሚስ ይዞ የሚሮጠው ሕፃን የትልቅ ሰው ሊሆን ጥቂት የቀረው አንጎል ተሸክሞ ነው የሚሮጠው! ሥራው ግን ገና ነው። ወደ 20 ዓመት ይቀረዋል!

አንጎል የሚበስለው ከኋላ ወደ ፊት ነው! የሚያየው ክፍል በማጅራት በኩል ነው፤ ቀድሞ ይደርሳል። ከግንባር ጀርባ ያለው፣ «ቆይ፣ ረጋ በል» የሚለው ክፍል ግን የሁሉም መጨረሻ ነው። መቼ ይደርሳል? በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ! ድምፁ ጎርንኖ፣ ጢሙ አቀምቅሞ፣ ጥማድ በሬ እየነዳ ሲያርስ የሚያዩት የ17 ዓመት ጎበዝ፣ ራሱን የሚገታበት የአንጎሉ ክፍል አሁንም እየተሠራ ነው!

ፍርሃትንና ቁጣን የምትቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ ግን አትጠብቀውም! የለውዝ ፍሬ ታህላለች፤ በጉርምስና ወራት ትጋጋላለች። ቁጣው ደርሷል፣ መግቻው አልደረሰም!

የጉርምስና አንጎል የገዛ ራሱን ግንኙነቶች ይቀንሳል ቢባሉ ያምናሉ? እውነት ነው! የቡሬ ገበሬ የበቆሎ ቡቃያውን እንደሚያሳሳው፣ አንጎልም ያልተሠራበትን መስመር ነቅሎ የተሠራበትን ያጠነክራል። በሴት ልጆች ይህ ሥራ ከወንዶቹ 1 ወይም 2 ዓመት ቀድሞ ይጀምራል!

በ1848 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፊንያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ከ1 ሜትር የሚበልጥ ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ! አልሞተም! 11 ዓመት ከመንፈቅ ኖረ። ነገር ግን ትሑቱ ሰው ተሳዳቢና ችኩል ሆነ። የተጎዳው ያ የፊተኛው ክፍል ነበር። ዕድሜው ስንት ነበር ይላሉ? 25!

አሁን የሚያስደንቀውን ይስሙ! ወጣቶች በኮምፒውተር መኪና የመንዳት ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደረገ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ብቻቸውን ሲሆኑ ይጠነቀቃሉ። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲቆሙ ግን የሚወስዱት አደጋ እጥፍ ሆነ! አዋቂዎቹስ? ሰው አየን አላየን ብለው አልተለወጡም!

እስቲ ይህን ይዘው ፍኖተ ሰላም ይምጡ። ከጃቢ ጠህናን ገጠር የመጣ የ15 ዓመት ተማሪ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከእናቱ ቤት እያመላለሰ ይማራል። ቤቱ ውስጥ አባት የለ፣ እናት የለች፤ ያሉት እኩዮቹ ናቸው! ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚያጠና፣ ሲሰድቡት ዱላውን ያንሣ ይተወው፣ ሁሉንም የሚወስነው ያ ያላለቀ አንጎል ነው። በሰላም ተምሮ 12ኛ ክፍል የሚጨርሰው ልጅ ምንኛ ብርቱ ነው!

የሀገራችን የገና ጨዋታ ልማድ ደግሞ እንዴት ይደንቃል! ዱላው እየተወነጨፈ፣ ደሙ እየሞቀ፣ ጌታ እንኳ ቢመታ ቂም መያዝ ነውር ነው። አባቶቻችን ጎረምሳውን ዱላ አስይዘው ትዕግሥት ያስተምሩት ነበር!

ልጅዎ በሌሊት ቁጭ ብሎ ጧት አልነሣም ይላል? በስንፍና አይፍረዱበት! እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን በጉርምስና እስከ 2 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይመነጫል። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው እንቅልፍ ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው! እንቅልፍ ያጣ ጎረምሳ ቶሎ ይቆጣል።

አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚፈልገው አዮዲን ሁሉ ተደምሮ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም! ያቺ ጥቂቷ ስትጎድል ግን ገና በማኅፀን ያለ አንጎል ይጎዳል። የጎጃም ደጋ ከዚሁ ጉድለት የሚመጣውን እንቅርት ለዘመናት ያውቀዋል። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ግን በ2003 ዓ.ም. ብቻ ነው!

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ለወንዱ 18 ተባለ! የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው ሁለቱንም 18 ያደረጋቸው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ከ15ም በታች ሳሉ የተዳሩ ስንት ናቸው! የሚያሳዝነው፣ ጎጆ እንድትመራ የተጠየቀችው ልጅ የራሷ አንጎል ገና ከ10 ዓመት በላይ ዕድገት ይቀረው ነበር!

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጨርሶ አይከስም! ከ9 እስከ 15 ላለው ቅጣቱም እርምጃውም ልዩ ነው። 18 ያልሞላው የሞት ፍርድ አይፈረድበትም!

ያ ችኩል አንጎል ግን ለትምህርት ወደር የለውም! የቆሎ ተማሪው አገር አቋርጦ ጎንጅና ዋሸራ ቅኔ ቤት የሚገባው በዚሁ ዕድሜ ነው። በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የትናንቱን መድገም አይቻልም!

አረቄ ቤት ደጃፍ ጎረምሶች ተሰብስበው ካዩ ይህን ያስታውሱ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 21 ዓመት ላልሞላው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል! በጓደኛ ፊት መድፈሩም የሰው ብቻ እንዳይመስልዎ። ለጋ አይጦች ከእኩዮቻቸው ጋር ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚጠጡት የበለጠ አልኮል ጠጡ። አዎ፣ አይጦች! ያደጉት አይጦች ግን ጓደኛ ኖረም አልኖረም መጠናቸውን አልጨመሩም!