ጤነኛው ሰውና የላሚቱ መርፌ

ከክብረ መንግሥት ተነሥተው ወደ ደቡብ ሲወርዱ የወደራን ደን አልፈው ነገሌ ቦረና ይደርሳሉ። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ምናልባት በዚያ አገር አዲስ የተመደቡ ጸሐፊ ወይም መምህር ይሆናሉ፤ አለዚያም ለዕረፍት ወደ ወላጆችዎ የሚመለሱ ተማሪ። ማንም ይሁኑ ማን፥ እንግድነት ሲገቡ የሚቀርብልዎ ወተት ነው፤ የላም ወይም የግመል፥ ብዙ ጊዜም ያልፈላ። ጮጮው በጭስ የታጠነ ስለ ሆነ ጣዕሙ ልዩ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም።

አሁን ከወተቱ ወደ ገበያው እንለፍ። በቆላው ከተሞች ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በብልቃጥ ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አርብቶ አደሩ ገዝቶ ራሱ ይወጋል። ለምን ቢሉ፥ የከብት ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ ላሚቱ ደግሞ ምግቡም ባንኩም ናት። በእሱ ቦታ ቢሆኑ እርስዎም ይህንኑ ባደረጉ ነበር።

ችግሩ ልኩ ላይ ነው። በሰውነት ውስጥ ለብዙ ጊዜ የሚቆየው ዓይነት መርፌ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ይታዘዛል። እንግዲህ 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ 30 ይፈልጋል ማለት ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው 10 ብቻ ወግቶ ቢተወው፥ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ያልቃሉ፤ ብርቱዎቹ ተርፈው የሞቱትን ቦታ ይወርሳሉ። ሙሉ ልክ ቢሰጥም ይህ መመረጥ ጨርሶ አይቀርም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በከንቱ የሚወጋው ነው፤ ለምሳሌ የአፍና የእግር በሽታ የሚመጣው ከቫይረስ ስለ ሆነ መድኃኒቱ በሽታውን አይነካውም፤ በአንጀት ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን ይመርጣቸዋል።

«ይህ የከብት ነገር ነው፤ ሰውን ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። ስቱዋርት ሌቪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምም ይህንኑ ጠይቆ፥ በማሳቹሴትስ በሚገኝ አንድ የእርሻ ቤት ለዶሮዎች ኦክሲቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ አበላ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ በዶሮዎቹ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች ከሞላ ጐደል መድኃኒቱ የማይበግራቸው ሆኑ። ከ5 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ወደ ቤተ ሰቡ ተሻገረ። ከእነሱ ዓይነ ምድር ከተመረመረው 31.3 በመቶ በሚሆነው ውስጥ፥ ከባክቴሪያዎቹ ከ80 በመቶ በላይ የሆኑት ቴትራሳይክሊን የማይገድላቸው ሆነው ተገኙ። በጐረቤቶቻቸው ግን እንዲህ ያለው 6.8 በመቶ ብቻ ነበር። ጥናቱ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ነው። ልብ ይበሉ፤ ከቤተ ሰቡ መድኃኒቱን እንዲወስድ የተደረገ የለም፤ ሰዎቹም ጤነኞች ነበሩ።

ባክቴሪያ ይህን ኃይሉን ለብቻው አያስቀረውም። መድኃኒት የመቋቋሙን ትእዛዝ በትንሽ ቀለበት ጽፎ፥ ዘመዱ ላልሆነ ባክቴሪያ እንኳ እንደ ደብዳቤ ያቀብለዋል። ስለዚህ በደኅናው ቀን ምንም ሳይሰማዎ በሆድዎ ተሸክመውት ይዞራሉ። ጭንቁ የሚመጣው ባክቴሪያው ከአንጀት ወጥቶ ወደ ፊኛ ወይም ወደ ደም የገባ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚያዝልዎ ክኒን አይሠራም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል።

ለአርብቶ አደሩ የሚረዳው ዘለፋ ሳይሆን ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የከብት ሳምባንና አባ ሰንጋን የመሰሉትን በሽታዎች የሚከላከል ክትባት ይሠራል፤ ያልታመመች ላም መርፌ አትፈልግም። የሌቪም ሥራ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለው፤ ያ መኖ ከእርሻው ከተወገደ ከስድስት ወር በኋላ፥ ከቤተ ሰቡ በአብዛኞቹ ዘንድ እነዚያ ባክቴሪያዎች ጠፍተው ነበር።

እርስዎ ግን ወተቱን ያፍሉት። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የመድኃኒቱን ትራፊ ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። በየብልቃጡ ላይ ከመርፌ በኋላ ወተቱ የማይጠጣበት ቀን የተጻፈው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሲገዙ ሻጪቱን፥ «እናቴ፥ ላሚቱ ሰሞኑን ተወግታ ነበር?» ብለው ይጠይቋት። በመጀመሪያው ቀን ትሥቅብዎ ይሆናል።