ከጆይስቲክ እስከ አካውንት፦ የኮንሶልና የፒሲ ግጥሚያ በ25 ዓመታት

ጭላሎ ተራራ ሥር ባለችው አሰላም እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን የፕሌይስቴሽን ቤት ሕግ አጭር ነው፤ አንድ ስክሪን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ጣጣው የሚጀምረው ባለ ፕሌይስቴሽኑ ፒሲ ካለው ጓደኛው ጋር በኢንተርኔት ልግጠም ሲል ነው። የዚህ ጣጣ መልክ በየዘመኑ ተለዋውጧል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ ያጣላው የእጅ ፍጥነት ነበር። በ2000 የሴጋ ድሪምካስት ተጫዋቾች በ«ኩዌክ 3 አሬና» ከፒሲ ተጫዋቾች ጋር ተጋጠሙ። በ2007 ማይክሮሶፍት በ«ሻዶውራን» ኤክስቦክስ 360ንና ዊንዶውስ ቪስታን አገናኘ። በተኩስ ጨዋታ ማውዝ ፈጥኖ ስለሚያነጣጥር፣ ጆይስቲክ የያዘውን ጨዋታው ራሱ ያግዘዋል። እገዛው ሲያንስ ባለ ጆይስቲኩ፣ ሲበዛ ባለ ማውዙ ያኮርፋል፤ ሙግቱ ዛሬም አልበረደም።

ቀጥሎ በሩን የያዙት ኩባንያዎቹ ናቸው። በ2015 «ሮኬት ሊግ» ፕሌይስቴሽን 4ንና ፒሲን ቢያገናኝም፣ ሶኒ ኤክስቦክስን አላስገባም ብሎ ቆየ። የተጫዋቾች ጩኸት በርትቶ መስከረም 2018 ላይ በ«ፎርትናይት» እጁን ሰጠ።

ኳስ ወዳዱ የኛ ተጫዋች ደግሞ ሌላ መሰናክል ገጠመው፦ የማሽን ትውልድ። በኳስ ጨዋታ ፒሲ ላይም ጆይስቲክ ስለሚሰካ የእጅ ጠቡ ቀላል ነው። በ2022 የወጣው «ፊፋ 23» ግን ፒሲን ያጋጠመው ከፕሌይስቴሽን 5 እና ከአዲሶቹ ኤክስቦክሶች ጋር ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ከኤክስቦክስ ዋን ጋር ብቻ ቀረ።

የዛሬው መሰናክል አድራሻ ነው። ግንቦት 2024 ሶኒ የፕሌይስቴሽንና የፒሲ ተጫዋቾችን አንድ ላይ ያሰለፈውን «ሄልዳይቨርስ 2»ን በፒሲ የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት ያውጡ አለ። የአካውንቱ አገልግሎት በይፋ የማይሰጥባቸው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ 177 አገሮችና ግዛቶች ከጨዋታው ሽያጭ ወጡ። ቁጣው ሲከር ግዴታው በቀናት ውስጥ ተነሳ፤ የሽያጩ በር ግን ወዲያው አልተከፈተም። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ፤ በዶላር የሚሸጥ ጨዋታም አብሮ ራቀ።

እንግዲህ ከጓደኛህ ጋር ለመግጠም ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የሁለታችሁ ማሽን ትውልድ ይገጥማል ወይ? አካውንቱስ አገርህን ይቀበላል? አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ይሻልሃል።